ቢላዋው፣ በረዶውና ትሉ፦ የኔዘርላንድ የሄሪንግ ንግድና የአኒሳኪስ በሽታ ታሪክ

በሰሜን ባሕር ዳርቻ የሚኖረው የኔዘርላንድ ሕዝብ ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ፣ ቅባታምና ብርማ ዓሣ እሳት ሳያስነካ በጨው ብቻ አዘጋጅቶ መብላት ከጀመረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ይሁንና ከዚሁ ዓሣ ወደ ሰው ሆድ የሚገባ ትል የሚያስከትለው በሽታ በአገሩ ሐኪሞች ዘንድ መታወቅ የጀመረው ከ1955 ወዲህ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትሉ ያን ጊዜ የተፈጠረ አልነበረም፤ ሰዉም ሄሪንግን ጥሬውን መብላት የለመደው ያን ጊዜ አይደለም። ሰውም ዓሣውም ትሉም ለዘመናት አብረው ኖረው ሳለ በሽታው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ለምን ብቅ አለ ለሚለው ጥያቄ የሕክምና መጻሕፍት ብቻቸውን በቂ መልስ አይሰጡም። መልሱን ለማግኘት ወደ ዓሣ አስጋሪዎቹ መርከብ መውጣትና ሥራው በምን ቅደም ተከተል ይከናወን እንደነበር መመልከት ያስፈልጋል።

ሄሪንግን ለጨው የማዘጋጀቱ ሙያ በአገሩ ቋንቋ «ካከን» ይባላል። ዓሣው ከመረብ እንደወጣ ሠራተኛው በአንድ እጁ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይይዘዋል፤ በሌላው እጁ የጨበጠውን አጭር ቢላዋ ከጉሮሮው ሥር ይሰካና በአንድ የእጅ ዙር ስንጥቡን፣ ማለትም ዓሣው የሚተነፍስበትን ክፍል፣ ከጉሮሮው ጋርና ተያይዞ ከሚመጣው ከአብዛኛው ሆድ ዕቃ ጋር መንጭቆ ያወጣዋል። ደሙ በዚያው ቀዳዳ ይፈስሳል። ቆሽቱና በአካባቢው ያሉት ጥቃቅን የአንጀት ቅጥያዎች ግን ሆን ተብለው ይቀራሉ፤ ምክንያቱም ከእነዚህ የሚመነጩት ኢንዛይሞች፣ ምግብን የሚሰባብሩት ንጥረ ነገሮች ማለት ነው፣ ዓሣው በጨው ውስጥ ተኝቶ ሳለ ሥጋውን ቀስ በቀስ አለስልሰው የታወቀውን ጣዕም ይሰጡታል። ከዚህ በኋላ ዓሣው በጨው ተለውሶ በእንጨት በርሜል ውስጥ፣ ንብብር በንብብር ላይ፣ በየመካከሉ ጨው እየተነሰነሰበት ይደረደራል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ዓሣው ከባሕር በወጣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ እዚያው በሚንገዋለለው መርከብ ላይ ነው።

የኔዘርላንድ ሕዝብ ለዚህ ሙያ አባት አበጅቶለታል፤ እሱም በአሥራ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዜላንድ አውራጃ ቢርፍሊት በተባለች ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር የሚባለው ቪለም ቦይከልሶን ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ በ1556 መቃብሩን እንደጎበኘም ይተረካል። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ተመሳሳይ አሠራር በባልቲክ ባሕር መግቢያ፣ በስካኒያ የዓሣ ገበያዎች፣ ከእሱ በፊት ይታወቅ እንደነበር በማስገንዘብ ቦይከልሶን ፈልሳፊ ከመሆን ይልቅ ስሙ ለሙያው የተሰጠ ሰው አድርገው ይመለከቱታል። አንድ ሕዝብ እጀ ብዙ የሆነን ሥራ ለአንድ ሰው ማሸከሙ በሌላም አገር የታየ ነገር ስለሆነ በዚህ መከራከር እምብዛም አይጠቅም። የሚያከራክር ያልሆነው ሙያው ያስገኘው ሀብት ነው። «ባይስ» በሚባሉት ሰፋፊ መርከቦች ላይ ካከንና ጨው አብረው መሄዳቸው መርከቧ በየዕለቱ ወደ ወደብ መመለስ ሳያስፈልጋት የሄሪንጉን መንጋ እየተከተለች ለሳምንታት በባሕር ላይ እንድትቆይ አስቻላት፤ የመጀመሪያዎቹን በርሜሎች ደግሞ ፈጣን ጀልባዎች ከባሕሩ መካከል እየተቀበሉ ወደ ገበያ ያደርሱ ነበር። ጨው ከፈረንሳይና ከፖርቱጋል ዳርቻ ይመጣል፤ በርሜሉ ወደ ወደብ ሲደርስ ተከፍቶ ይመረመራል፣ በአዲስ ጨው ይሞላል፣ የጥራት ምልክትም በጋለ ብረት ይተኮስበታል፤ መረብ ከቅዱስ ዮሐንስ በዓል፣ ከሰኔ 24፣ በፊት እንዳይጣልም በሕግ ተደንግጎ ነበር። አምስተርዳም በሄሪንግ አጥንት ላይ ተሠራች የሚለው የአገሬው አባባል ከዚህ የመጣ ነው።

ደንቦቹ ሁሉ የሚጠብቁት የነጋዴውን ስምና የዓሣውን አለመበላሸት ነበር፤ ስለ ትል የሚናገር አንቀጽ አያስፈልጋቸውም ነበር። ሆኖም የማያውቁትን ጠላት በሁለት በር ዘግተውበት ኖረዋል፤ ይህን ለመረዳት የትሉን ኑሮ ማወቅ ግድ ይላል።

አኒሳኪስ የክር ትሎች ከሚባሉት ወገን ሲሆን ስሙን በ1845 ያወጣለት ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፌሊክስ ዱዣርዳን ነው፤ ስሙ «ያልተስተካከለ» እና «ሹል» የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት የተወሰደ ነው። የጎለመሰው ትል የሚኖረው በዓሣ ነባሪና በዶልፊን ጨጓራ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከእንስሳቱ ዓይነ ምድር ጋር ወደ ባሕር ይወጣል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣውን እጭ፣ ማለትም ገና ያልጎለመሰውን ትል፣ ክሪል የሚባሉ ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት ይውጡታል፤ ክሪሉን ሄሪንግ፣ ኮድ፣ ማኬረል ወይም ስኩዊድ ይበላዋል፤ ዓሣውን ደግሞ ዓሣ ነባሪ ሲበላው ዙሩ ይሞላል። በዓሣው ውስጥ እጩ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚቀጥን ነጭ ክር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በሆድ ዕቃው ዙሪያ እንደ ተጠቀለለ ድር ክብ ሠርቶ ይተኛል። ሰው በዚህ ዙር ውስጥ ቦታ የለውም። በሰው ሆድ የገባ እጭ አይጎለምስም፣ አይራባም፣ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥም ይሞታል፤ ችግሩ ከመሞቱ በፊት የዓሣ ነባሪ ጨጓራ ያገኘ መስሎት የሰውን ጨጓራ ወይም አንጀት ግድግዳ ለመብሳት መሞከሩ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ በሮች እነዚህ ነበሩ። ዓሣው እንደተያዘ ሆድ ዕቃው ሲወጣ አብዛኛው እጭ ከተኛበት ሳይነቃ አብሮ ወደ ባሕር ይጣላል፤ አምልጦ የቀረውን ደግሞ በበርሜሉ ውስጥ ለሳምንታት የሚቆየው ጠንካራ ጨው ይገድለዋል። ካካሪው፣ ቃሉን እንዲህ ማርባት ከተፈቀደ፣ የሚያስበው ስለ ዓሣው መሽተትና ስለ ጣዕሙ ነበር፤ እጁ ግን ራሱ የማያውቀውን የጤና ጥበቃ ሥራ ይሠራ ነበር። የሙያ ዕውቀት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የሚያደርገውን ሁሉ ምክንያት ሰጥቶ አያስረዳም፣ ስለዚህም ምክንያቱ ተረስቶ አንድ እርምጃ ሲቀነስ ምን እንደጎደለ ወዲያው የሚያስተውል አይገኝም።

እርምጃው የተቀነሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው። በረዶ በብዛት ማግኘትና ፈጣን መርከብ መያዝ ስለተቻለ ዓሣው ሆድ ዕቃው ሳይወጣ በበረዶ ተሸፍኖ ወደ ወደብ እየመጣ ካከኑ በየብስ ላይ መከናወን ጀመረ። ለመርከበኛው ይህ እረፍት ነበር። በዚያው ዘመን የበላተኛውም አፍ ተለወጠ፤ በቤቱ ማቀዝቀዣ የገባለትና አጥንት የሚያደርቀውን የድሮ ጨው የሰለቸው የከተማ ሰው «አረንጓዴ ሄሪንግ» የሚባለውን፣ ጨው ለስለስ ብሎ የተነሰነሰበትንና ወዲያው የሚበላውን ዓሣ መረጠ። በበረዶ ውስጥ በተኛው ዓሣ ሆድ ያለው እጭ ግን የቤቱ ባለቤት መሞቱን ያውቃል፤ ከሆድ ዕቃው እየወጣ በሆዱ ግድግዳ በኩል ወደ ሥጋው ይገባል። ዓሣው ወደብ ደርሶ ሲጸዳ ቢላዋው የሚያገኘው ባዶ ቤት ነው፤ ለስላሳው ጨው ደግሞ ትሉን አያሸንፈውም። የበረዶ መምጣት የዓሣውን ሥጋ ከመበላሸት ያዳነ መሻሻል ነበር፤ ያመጣው መዘዝም ከዚሁ መሻሻል ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ በሮተርዳም ሆስፒታሎች ድንገተኛና ብርቱ የሆድ ቁርጠት የያዛቸው ሰዎች ይታዩ ጀመር። ሕመሙ የትርፍ አንጀት መቆጣትን ወይም የአንጀት መዘጋትን ስለሚመስል ቀዶ ሐኪሞች ሆድ ይከፍታሉ፤ የሚያገኙት ግን በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ያበጠ፣ የቀላና የደነደነ አንጀት ነው፤ ያን ቁራጭ ቆርጠው ያወጡታል። የተቆረጠውን በማይክሮስኮፕ የመረመሩት ባለሙያዎች ግድግዳው ኢዮሲኖፊል በሚባሉ የነጭ ደም ሕዋሳት ተሞልቶ፣ በመካከሉም የአንድ ትንሽ ትል ቁራጭ ተቀብሮ አዩ። ኢዮሲኖፊሎች ሰውነት ጥገኛ ትልን ሲዋጋና በአለርጂ ጊዜ፣ ማለትም ሰውነት በባዕድ ነገር ላይ ከመጠን በላይ ሲቆጣ፣ የሚበዙ ሕዋሳት ናቸው። በ1960 ተመራማሪዎቹ ፋን ቲል፣ ኩይፐርስና ሮስካም ስለዚህ በሽታ ያሳተሙት ጽሑፍ ትሉ ከሄሪንግ የመጣ መሆኑን ለዓለም አስታወቀ። የትሉን ዝርያ ግን መጀመሪያ ላይ ሌላ ስም ሰጥተውት ነበር፤ ፋን ቲል ራሱ በ1962 አስተካክሎ አኒሳኪስ መሆኑን ገለጠ፣ በሽታውም ከዚያ ወዲህ አኒሳኪያሲስ ተባለ። ከ1955 ጀምሮ ባሉት አሥር ያህል ዓመታት በኔዘርላንድ ከመቶ በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ቁጥሩ ለአገሩ ሕዝብ ብዛት ትልቅ ባይሆንም በየሰኔው አዲስ ሄሪንግ ሲመጣ ባንዲራ ሰቅሎ ለሚያከብር አገር ጉዳዩ ቀላል አልነበረም።

ሐኪሞቹን ያስጨነቃቸው አንድ ሌላ ነገር ነበር። አንዲት ስንዝር እንኳ የማትሞላ ክር መሰል እጭ አንድን አንጀት እስኪዘጋ ድረስ እንዲያብጥ የምታደርገው እንዴት ነው? ትሏ የምትበሳው ቀዳዳ ከመርፌ ቀዳዳ ብዙም አይበልጥም። ኩይፐርስ በ1964 ያቀረበው ሐሳብ ለዚህ መልስ ለመስጠት የተሞከረ ነው፤ በጥንቸሎች ላይ ባደረገው ሙከራ ተመርኩዞ፣ ኃይለኛው እብጠት የሚመጣው ቀደም ሲል በትሉ ተነክቶ የነበረ አካል ዳግመኛ ሲነካ እንደሆነ አመለከተ። በዚህ አገላለጽ የመጀመሪያው እጭ ምናልባት ሳይታወቅ ያልፋል፣ ሰውነት ግን ይመዘግበዋል፤ ሁለተኛው ሲመጣ የሚነሣው ቁጣ ከበደሉ እጅግ ይበልጣል። የኡትሬክቱ ተመራማሪ ሩይተንበርግም በ1970 የበሽታውን አመጣጥ፣ በደም ምርመራ የሚታወቅበትን መንገድና መከላከያውን የሚመለከት ሰፊ ጥናት አሳተመ። የሆድ ሕመሙና አለርጂው አንድ ቤት የሚያድሩ መሆናቸው ስለዚህ ከመጀመሪያው ተጠርጥሮ ነበር ማለት ይቻላል።

መንግሥት መልስ የሰጠው በ1968 ነው፤ ለሽያጭ የሚቀርብ ሄሪንግ ሁሉ አስቀድሞ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያንስ ለ24 ሰዓት እንዲቀዘቅዝ ታዘዘ። አዲስ ሕሙማን ከዚያ በኋላ በፍጥነት አነሱ። ሕጉ መርከበኛውን ወደ ድሮው አሠራር እንዲመለስ አላስገደደም፤ በላተኛውንም ጥሬ መብላት አልከለከለም፤ በመካከል ማቀዝቀዣ አስገባ እንጂ። በመሆኑም በሰኔ ወር በጎዳና መደብር ፊት ቆሞ፣ በተከተፈ ሽንኩርት የተነከረውን ሄሪንግ በጭራው አንጠልጥሎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ የሚውጠው ሰው «አዲስ» የሚለው ዓሣ በማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው። ይህ አያሳፍርም፤ ልማዱን ያቆየው ይኸው ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ኮሶ ትዝ ማለቱ አይቀርም። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የበሬ ሥጋ የሚያመጣውን የኮሶ ትል የድሮው ሰው ከመብላቱ በፊት ሊከላከለው አልሞከረም፤ በልቶ ካበቃ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በየሁለት ወሩ፣ የኮሶን አበባ ፈጭቶ በመጠጣት ያባርረው ነበር። ይህ መድኃኒት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ጭምር ገብቷል። የአኒሳኪስ እጭ ግን በኮሶ መንገድ አይሸኝም፤ በአንጀት ውስጥ ተንሰራፍቶ የሚኖር ሳይሆን ግድግዳ በስቶ የሚሞት ስለሆነ የሚያዋጣው ቀድሞ መግደል ነው። በሐይቆቻችንም ቢሆን አኒሳኪስ ራሱ የለም፣ ዓሣ ነባሪ በሌለበት ሊኖር አይችልምና፤ ሆኖም ኮንትራሴኩም የሚባለው ዘመዱ፣ እንደ ፔሊካን ባሉ ዓሣ በል ወፎች ውስጥ የሚጎለምሰው፣ በሐዋሳና በጣና ዓሦች ሆድ ተገኝቷል። በሰው ላይ ጉዳት ማድረሱ እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም በሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ የሚያወራርድ ሰው ስሙን ቢያውቀው አይከፋም።

በጃፓን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። እዚያ የሚበላው ጥሬ ዓሣና ስኩዊድ በዓይነቱም በመጠኑም ከሄሪንግ የሰፋ ስለሆነ ዓሣውን ሁሉ አስቀዝቅዞ መሸጥ የሚታሰብ አልነበረም፤ ሕሙማኑም በሺዎች የሚቆጠሩ ሆኑ። እጩ በአብዛኛው የሚያጠቃው ጨጓራን ሲሆን ዓሣው ከተበላ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የሚነሣው ቁርጠትና ማስመለስ ሰውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል፤ ያበጠውን ጨጓራ ዕጢ መስሏቸው የቆረጡ ቀዶ ሐኪሞችም ነበሩ። ነገሩን የለወጠው ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ ገብቶ የጨጓራን ውስጥ የሚያሳየው ተጣጣፊ መሣሪያ፣ መስፋፋቱ ነው፤ ሐኪሙ ግማሽ አካሉን በግድግዳው ውስጥ ቀብሮ የሚወራጨውን እጭ በዓይኑ እያየ በጥቃቅን መቆንጠጫ ይዞ ይስበዋል፣ ሕመሙም ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይበርዳል። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን በ1990 ተመራማሪው ካሱያና ባልደረቦቹ ያሳተሙት አጭር ጥናት ነው። ማኬረል በበሉ ቁጥር ሰውነታቸው በሚያሳክክ ሽፍታ የሚሸፈን ሰዎች ለረጅም ዘመን የማኬረል አለርጂ አለባቸው ሲባሉ ኖረዋል፤ ተመራማሪዎቹ ደማቸውንና ቆዳቸውን ሲመረምሩ ግን ሰውነታቸው የሚቆጣው በአብዛኛው ከዓሣው ይልቅ በዓሣው ውስጥ ባለው ትል ላይ ሆኖ አገኙት።

ይህ ግኝት ሥር የሰደደው በስፔን ነው። ስፔናውያን አንቾቪ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ አጥንቱን አውጥተው፣ ሥጋው እስኪነጣ በኮምጣጤ ዘፍዝፈው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ጨምረውበት ይበሉታል። የሥጋው መንጣት የበሰለ ያስመስለዋል፤ አኒሳኪስ ግን በኮምጣጤ ውስጥ ለሳምንታት በሕይወት መቆየት ይችላል፣ ሲወለድ ጀምሮ የዓሣ ነባሪን የጨጓራ አሲድ ለመቋቋም የተዘጋጀ ነውና። በ1995 በባስክ ግዛት ከቪቶሪያ ከተማ የወጣ ሪፖርት ዓሣ ከበሉ በኋላ በተደጋጋሚ አናፊላክሲስ፣ ማለትም ትንፋሽ የሚያሳጥርና የደም ግፊትን የሚጥል አደገኛ የአለርጂ ቁጣ፣ የደረሰባቸው ሕሙማን በአኒሳኪስ የተቆጡ መሆናቸውን አሳየ። ቀጥሎም የማድሪድ ሐኪሞች የጨጓራው ቁርጠትና የቆዳው ሽፍታ በአንድ ሌሊት በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚከሰቱበትን ሁኔታ ለይተው ስም ሰጡት። በ2006 ታኅሣሥ የወጣው የስፔን መንግሥት ድንጋጌ ዓሣን ጥሬውን ወይም በኮምጣጤ ብቻ አዘጋጅተው የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች አስቀድመው እንዲያስቀዘቅዙት አዘዘ፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብም የ20 ዲግሪውንና የ24 ሰዓቱን መለኪያ ይዟል። የአሜሪካው መመሪያ በዚሁ ቅዝቃዜ 7 ቀን ይጠይቃል፤ የቤት ማቀዝቀዣ የሚገባውን ያህል የማይበርድ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ረዘም ያለው ጊዜ የተሻለ ይመስላል።

ማስቀዝቀዝ ግን ትሉን ይገድለዋል እንጂ ከዓሣው አያወጣውም። የሞተው እጭ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ አለርጂ ከሚያስነሱት ፕሮቲኖቹ መካከልም አንዳንዶቹ ቅዝቃዜን ብቻ ሳይሆን የምጣድ ሙቀትን ይቋቋማሉ። የስፔን ሐኪሞች በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረዋል፤ ባደረጓቸው ሙከራዎች አብዛኞቹ ባለ አለርጂዎች የሞተ እጭ ያለበትን ዓሣ ያለ ችግር ሲበሉ ስለታዩ ዋናው ጥፋተኛ ሕያው ትል ነው ወደሚለው ብዙዎቹ ያዘነብላሉ፤ የሞተውም የሚያስቆጣቸው ጥቂት ሰዎች መኖራቸውን ግን አልካዱም። ለእነዚህ ጥቂቶች የሚሰጠው ምክር ከዓሣው ለሆዱ የቀረበውን ሥጋ ትቶ የጭራውን ክፍል መምረጥ፣ ከዚያም በላይ ሩቅ ባሕር ላይ እንደተያዘ እዚያው በመርከቡ ሆድ ዕቃው ወጥቶ የቀዘቀዘውን ዓሣ መግዛት ነው።